የጋጣ ዕዳ መሰብሰብ የሚጀምረው ፈረሱ ሲገባ ነው

በክልላችን ደጋማ ከተሞች የጋሪ ፈረስ ያለው ሁሉ ፈረሱን የሚያሳድርበት ግቢ የለውም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በእንጅባራ በኪራይ ቤት የሚኖር ባለጋሪ ሲመሽ ፈረሱን ሰፋ ያለ ግቢ ወዳለው ሰው ይወስዳል። ከገጠር ለገበያ ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ ከተማ ገብቶ የሚያድር አርሶ አደርም እንዲሁ ያደርጋል። ባለጋጣው ሳርና ውኃ ያቀርባል፣ ሌሊቱን ይጠብቃል፣ ባለፈረሱ የአዳርና የቀለብ ይከፍላል። ውሉ በቃል ነው። ችግሩ የሚመጣው ክፍያው “ለቅዳሜ ገበያ”፣ “ለወር መጨረሻ” እየተባለ ሲገፋ ነው።

አንድ መካከለኛ የአገራችን ፈረስ ሥራ በማይበዛበት ቀን እንኳ 5 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ ሳር ይፈልጋል። በወር 150 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው፤ ጋሪ የሚጎትት ከሆነ ገብስና ፉርሽካ ይጨመርለታል። ለምሳሌ የአንድ ቀን ማሳደሪያና ቀለብ 50 ብር ነው ብንል፣ 3 ወር ሳይከፍል የቆየ ሰው 4 ሺህ 500 ብር ዕዳ አለበት። የአምስት ባለፈረሶች ዕዳ ሲደመር 22 ሺህ 500 ብር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ ለባለጋጣዋ ትርፍ አይደለም። ሳር በሚረክስበት በኅዳርና በታኅሣሥ ገዝታ የምትከምርበት፣ በሰኔ ውድ ሳር ከመግዛት የምትድንበት ነው።

የጋጣ ዕዳ ከሌላው ዕዳ የሚለይበት ነገር አለ። ባለሱቅ ያልከፈለውን ደንበኛ ዱቤ ይከለክለዋል፣ ነገሩ በዚያው ይቆማል። ባለጋጣ ግን ባለቤቱ ከፈለም አልከፈለም ነገ ጧት የሚበላ እንስሳ ደጁ ታስሯል። ስለዚህ የተማረረ ባለጋጣ ቀለብ ይቀንሳል፣ ወይም ፈረሱን ወደ መንገድ ይለቃል፣ ወይም “በዕዳዬ ያዝኩት” ብሎ ገበያ ያወጣዋል። ሦስቱም መንገዶች የሚጎዱት ራሱን ነው። የተራበ ፈረስ ሠርቶ ዕዳውን አይከፍልም። መንገድ ላይ የተለቀቀ ፈረስ አደጋ ቢያደርስ ጠያቂ ይመጣል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ፈረስ መሸጥ ደግሞ ከሳሽ የነበረውን ሰው ተከሳሽ ሊያደርገው ይችላል።

ፍርድ ቤት ያሸነፈም ቢሆን ፈረሱን አሸጣለሁ ብሎ አይመካ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የባለዕዳውን የሙያ መሣሪያዎች፣ ገበሬም ከሆነ ለእርሻው የሚያስፈልጉትን ከብቶች ከፍርድ አፈጻጸም ይጠብቃል። በጋሪ በሚተዳደር ሰው ፈረስ ላይ ይህ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። የሚሻለው ባለዕዳው እየሠራ በየሳምንቱ ቆርጦ እንዲከፍል የሚያደርግ ስምምነት ነው።

ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ መሆን አለበት የሚለው ድንጋጌ ለጋጣ ሒሳብም የሚሠራ መስሏቸው ገና ከመጀመሪያው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ። የጋጣ ሒሳብ ብድር አይደለም፣ የአገልግሎትና የቀለብ ዋጋ ነው። በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል። ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ ፈረሱ ስንት ሌሊት እንዳደረ ቆጥሮ የሚመሰክር ጎረቤት ከየት ይገኛል? የሒሳብ ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደብተሩ ላይ በመጀመሪያ መስፈር ያለበት የባለቤቱ ስም ነው። ብዙ ጊዜ ፈረሱን አምጥቶ የሚያስገባው ነጂው ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፣ ከነጂው የዕለት ገቢ ይቀበላል። ሒሳብ ሲጠየቅ ነጂው “ባለቤቱን ጠይቁ” ይላል። ባለቤቱ “እኔ ለእሱ ሰጥቻለሁ” ይላል። በዚህ መሐል ነጂው ሥራ ቀይሮ ይሄዳል። ባለጋጣ ፈረስ በሚቀበልበት ቀን ከፋዩ ማን እንደሆነ በባለቤቱ ፊት ያስወስን። የፈረሱን መልክ ይጻፍ፤ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦራ ነው፣ የኋላ ግራ እግሩ ነጭ ነው ብሎ። በስልክ ፎቶ ቢያነሣው ደግሞ የተሻለ ነው። የባለጋሪዎች እቁብ ባለበት አካባቢ ከዚያው እቁብ አንድ ዋስ መጥራት ከማንኛውም ማስፈራሪያ የበለጠ ይሠራል።

ይህን የሚያስቀር አንድ ልማድ አለን፣ እሱም ይሉኝታ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን በእንጅባራ ሲያከብር ፈረሰኞች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። በዘመድ ቤት ላደረ የእንግዳ ፈረስ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው፤ ነውርነቱም ይቆይ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ጋሪ እየጎተተ ገንዘብ የሚያስገባ ፈረስ እንግዳ አይደለም።

ባለፈረሶችም የሚሉት አለ፤ ሊሰማም ይገባል። ባጃጅ በበዛበት ከተማ የጋሪ ገቢ ቀንሷል። ሙሉ ዋጋ ተቀብለው ግማሽ ቀለብ የሚያቀርቡ፣ ቆዳው የቆሰለን ፈረስ ከጤነኛው ጋር የሚያስሩ ባለጋጣዎችም አሉ። በጋሪ ፈረሶች ላይ የሚታየው ቆዳን የሚያቆስል ተላላፊ በሽታ በእንዲህ ያለ ግቢ ይዛመታል። ስለዚህ ውሉ የቀለቡን መጠንና የታመመ ፈረስ የሚለይበትን ሁኔታ ካልጻፈ፣ ዕዳ ሲጠየቅ “ፈረሴን አስርበኸዋል” የሚለው መልስ ተገቢ መከራከሪያ ይሆናል።

ወረዳዎች ማድረግ የሚችሉት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱ የአንድ ገጽ የውል ናሙና አባዝቶ ለባለጋጣዎች ይስጥ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ወደ ግቢዎቹ ሲሄድ ደብተሩንም ይጠይቅ። የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሥልጣኑ በሚፈቅደው የገንዘብ መጠን ለእነዚህ ጉዳዮች በገበያ ቀን ችሎት ቢመድብ፣ ሁለቱም ወገኖች ሥራ ሳይፈቱ ይዳኛሉ። አስተዳዳሪዎች ደግሞ ዕዳን በሚሊሻ ከማስከፈል ይቆጠቡ። የተያዘ ፈረስ በቀበሌ ግቢ ሲታሰር ሳር የሚሰጠው የለም፤ ባለጋጣው ብሩን አያገኝም፣ ባለጋሪው ሥራውን ያጣል።

እስካሁን የተጠራቀመው ዕዳ ለብቻው መታየት አለበት። ዕዳው በቆየ ቁጥር “ከፍያለሁ” የሚል ክርክር እየበረታ ይሄዳል። ባለጋጣና ባለፈረስ ሽማግሌ ይዘው ይቀመጡ፣ ሌሊቶቹን ይቁጠሩ፣ የሚቀነሰው ካለ ይቀነስ፣ ቀሪውን ባለዕዳው በፊርማው ይመን፣ የየሳምንቱ ክፍያም ይወሰን። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከአዲሱ ሳር ግዢ በፊት ቢያልቅ ባለጋጣው በኅዳር ገበያ ባዶ እጁን አይቆምም።