ክኒኑን ስትሰጡን ጠባዩንም ንገሩን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ አባቶቻችን ሲመክሩን ኖረዋል። እኛም ምክራቸውን ሰምተን በሽታችንን አልደበቅንም። ራሳችንን በአንድ ጎን እየፈለጠ፣ ዓይናችንን ከብርሃን እያሸሸ፣ ሆዳችንን እያገላበጠ አልጋ ላይ የሚጥለንን ሕመም ለሐኪም ተናገርን፤ ማይግሬን ነው ተባልን፤ መድኃኒትም ታዘዘልን። ነገር ግን እኛ በሽታችንን ስንናገር መድኃኒቱ የራሱን ጠባይ ደብቆ መጣብን። ዛሬ በዚህች ልሳናችን ላይ ልንጽፍ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

እኛ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በጎሮና በቦሌ ሚካኤል የምንኖር፣ ጠዋት ጠዋት በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ የምንገናኝ ጥቂት ተማሪዎች ነን። የሰፈራችን ኑሮ ለዚህ ሕመም የተመቸ አይደለም። የቦሌ የመስተዋት ሕንፃዎች የቀትሩን ፀሐይ ተቀብለው መልሰው ዓይናችን ላይ ይረጩታል፤ መብራት ሲጠፋ የየሱቁ ጀነሬተር ይጮኻል፣ ያጨሳል። ሕመሙ ሲነሣብን አንዱ «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ አሽታችሁ ጠጡ» ይለናል፤ ሌላው «ቡና ስላልጠጣችሁ ነው» ይለናል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ፈተና ሲቀርብ የሚመጣ በሽታ» ብሎ ይስቅብናል።

ለሚስቁት አንድ ቁጥር እናቅርብ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የተሳተፉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የአገራችን ጥናት፣ ከመቶ ጎልማሶች መካከል 17.7 ያህሉን በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ማይግሬን እንደሚያገኛቸው አሳይቷል። እንግዲህ መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሻችን ውስጥ ስንቱ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ እንደሚማር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ከመካከላችን የአንዱን ታሪክ እንናገር። ይህን ጓደኛችንን በወር ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ቀን ራሱን ይፈልጠው ነበርና ሐኪሙ መርምሮ አሚትሪፕቲሊን የተባለውን ክኒን አዘዘለት። ትእዛዙ ስሕተት አልነበረበትም፤ ማይግሬንን ለመከላከል ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነውና። ጓደኛችን ማዘዣውን ይዞ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤቶች ወደ አንዱ ገባ። ክኒኑን የሰጠችው ሴት «ማታ ማታ አንዳንድ ፍሬ» አለችው። የተነገረው ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ውጦ ተኛ። በማግሥቱ የሁለት ሰዓቱ ትምህርት ላይ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ዓይኑ እየተከደነ ተቀመጠ። መምህሩም «ሌሊቱን የት አድረህ ነው?» ብለው በሰው ፊት ጠየቁት፤ ክፍሉም ሳቀ። ቤቱ ገብቶ በካርቶኑ ውስጥ ያገኘውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ቢያነብ ክኒኑ የድብርት መድኃኒት ነው ይላል። እናቱ ይህን ሲሰሙ «ልጄን ለአእምሮ በሽተኛ የሚሰጠውን ሰጡት እንዴ?» ብለው አለቀሱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቀረውን ክኒን ወደ ቆሻሻ ጣለው፤ ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው የሚያሳዝነን። ሕመሙ አልተወውምና በየሱቁና በየመድኃኒት ቤቱ በፍሬ የሚገዛውን ማስታገሻ ያዘ፤ ዛሬ ፓራሲታሞል፣ ነገ ዲክሎፌናክ። በወር ከሃያ ቀን በላይ መዋጥ ጀመረ። ራስ ምታቱ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው የየዕለት ሆነ፤ ጨጓራውም ታመመ። በመጨረሻም ሁለት ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ።

ለዚህ ልጅ አስቀድመው ሊነገሩት የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ነበሩ። አሚትሪፕቲሊን በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለድብርት የተፈቀደ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፤ ለማይግሬን ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ባነሰ መጠን፣ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ ይሰጣል። እንቅልፍ፣ የአፍ መድረቅና የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። እንቅልፉ ግን በብዙ ሰው ላይ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይቀልላል፤ ክኒኑንም ከመኝታ ሰዓት ቀደም አድርጎ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መውሰድ የጠዋቱን ፍዘት ይቀንሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ጉዳቱ በመጀመሪያው ሌሊት ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን የሚታየው ከአራትና ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚህ ሳምንታት መካከል ያለውን ጊዜ ሳያውቅ የገባበት ሰው ይሸሻል። ጓደኛችን የሸሸው ሰነፍ ሆኖ ነውን? አይደለም፤ የመንገዱን ርዝመት የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

የማስታገሻውም ነገር እንዲሁ ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ተራ ማስታገሻን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ኤርጎታሚን ያሉትን ወይም ተደባልቀው የተሠሩትን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ከወሰደ፣ ማስታገሻው ራሱ አዲስ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ሐኪሞች ያውቃሉ። እኛ ግን የምናውቀው ራሳችን ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሌሎቹም መድኃኒቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፕሮፕራኖሎል ለልብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የልብን ምት ያዘገያል፣ እጅና እግርን ያቀዘቅዛል፣ ያደክማል። ይህን ያላወቀች አንዲት ጓደኛችን የመገናኛን ድልድይ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ሌላ በሽታ የያዛት መስሏት ነበር። አስም ላለበት ሰው ግን መድከም ብቻ አይደለም፤ መተንፈሻውን ሊዘጋበት ስለሚችል ፈጽሞ ሊሰጠው አይገባም። በድንገትም አይቋረጥም። ቶፒራሜት ጣትን ይነዝራል፤ በንግግር መካከል ቃል ያጠፋል፤ ለተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቶፒራሜትና ቫልፕሮዌት በማኅፀን ላለ ልጅ አደገኛ ናቸውና ለእኅቶቻችን ሳይጠየቁና ሳይነገራቸው ሊሰጡ አይገባም።

የመድኃኒትንና የመርዝን ድንበር ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ኤርጎታሚን የተገኘው በእህል ራስ ላይ ከሚበቅል ኤርጎት ከሚባል ፈንገስ ነው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር አርተር ስቶል ለይቶ አወጣው፤ የደም ሥርን አጥብቦ የማይግሬንን ፍልጠት ያበርዳል። በ1977 እና በ1978 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ ኋላም በ2001 እ.ኤ.አ. በአርሲ ይኸው ፈንገስ ከተበከለ እህል ጋራ ተበልቶ የገበሬዎች ወገኖቻችንን የደም ሥር ዘጋ፤ እግራቸው እየጠቆረና እየደረቀ ወደቀ። ገበሬው መርዙን በማዕዱ አላወቀም ነበር፤ የሚነግረውም አልነበረም። በከተማ ያለን እኛ ግን መርዙ ተለክቶ፣ ተጽፎና ታሽጎ በሚሸጥበት ቤት ቆመን ሳይነገረን ብንቀር ምን እንበል? ኤርጎታሚን የሚወስድ ሰው ጣቱ ሲደነዝዝና ሲቀዘቅዝ ማቆም እንዳለበት፣ እንደ ኤሪትሮማይሲን ካሉ ፀረ ተሕዋስያንና ከአንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋራም እንደማይወሰድ ካልተነገረው በምን ሊያውቅ ይችላል?

«ጉዳቱን ብንነግራቸው ይፈሩና አይወስዱትም» የሚሉ ባለሙያዎች እንዳሉ ሰምተናል። ፈሪ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን እኛ እንዳየነው መድኃኒቱን የጣሉት የተነገራቸው ሳይሆኑ በድንገት የደረሰባቸው ናቸው። «ወረፋው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለንም» የሚለውንም እናውቃለን፤ ሠልፉ ላይ የቆምነው እኛው ነንና። ይሁን እንጂ «ያስተኛሃል፤ ቀደም ብለህ ዋጠው፤ አፍህ ይደርቃል፤ ሁለት ወር ታገሥ፤ ከባሰብህ ሳትተው ተመለስ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

ለጓደኞቻችን፦ መድኃኒት ብቻችሁን አትጀምሩ፣ ብቻችሁንም አታቋርጡ። ሕመሙ የመጣበትን ቀን፣ የዋጣችሁትን ክኒንና የተሰማችሁን ነገር በደብተር ጻፉና ለሐኪማችሁ አሳዩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል። በጾም ጊዜ ባዶ ሆድ ላይ ዲክሎፌናክ መዋጥ ጨጓራን ይጎዳልና ከሐኪምም ከነፍስ አባትም ጋራ ተማከሩ። ጠበሉን የምትጠጡ ጠጡ፤ ክኒኑን ግን ስለዚህ አትጣሉ። ራስ ምታቱ በድንገት እንደ መብረቅ የመታችሁ፣ ወይም ትኩሳትና የአንገት መገተር ወይም የእጅና የእግር መስነፍ የታከለበት እንደሆነ ግን ነገሩ የክኒን ጉዳይ አይደለም፤ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ለመምህሮቻችን፦ በጠዋት የሚያንቀላፋውን ሁሉ ሰካራም አታድርጉብን። ከመፍረዳችሁ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት። የሐኪም ወረቀት ይዞ የመጣውንም ፈተናውን በሌላ ቀን እንዲቀመጥ ብትፈቅዱለት ለትምህርቱ ክብር ነው እንጂ ጉዳት አይደለም።

ለመድኃኒት ባለሙያዎች፦ ጠባዩን በሚገባን ቋንቋ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው በአማርኛ፣ ለኦሮምኛ ተናጋሪው በኦሮምኛ ንገሩን። አስም እንዳለብን፣ ነፍሰ ጡር እንደሆንን፣ ሌላ መድኃኒት እንደምንወስድ ጠይቁን።

ለማኅበራችን፦ በመካከላችን የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች አሉ። ስለነዚህ አራትና አምስት መድኃኒቶች አንድ ገጽ ጽፈው፣ በመምህሮቻቸው አሳርመው፣ ይህችኑ ጋዜጣ በምናባዛበት መኪና ቢባዛና በየመኝታ ቤቱ ቢለጠፍ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። ይህ እስከሚመጣው ሴሚስተር መጀመሪያ እንዲፈጸም እንጠይቃለን፤ ለማሠራጨቱም እኛ ራሳችን ዝግጁ ነን።

ያ ጓደኛችን አሁን ወደ ሐኪሙ ተመልሷል። ማስታገሻውን አቁሞ ያንኑ የጣለውን ክኒን በትንሽ መጠን እንደ ገና ጀምሯል። ዛሬ አምስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የታመመው አንድ ቀን ብቻ ነበር። አፉ አሁንም ይደርቃል፤ የውኃ ኮዳውን ይዞ በፊተኛው ረድፍ ይቀመጣል። ክኒኑ ያው ክኒን ነው፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር በዚህ ጊዜ የተነገረው መሆኑ ብቻ ነው።