የአርብ ገበያ ሰው በየትኛው ቀን ይማር?

መስከረም ሲጠባም ሆነ ክረምት ሲቃረብ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የማይቀር አንድ ማስታወቂያ አለ። በማታ፣ በእረፍት ቀናት፣ በክረምትና በርቀት መርሃ ግብሮች አመልካቾችን ተቀብለው ማስተማር እንደሚፈልጉ ይገልጻል። ከሥሩ የትምህርት መስኮቹ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያ የመመዝገቢያ ቀን፣ ከዚያ ዋናውና ኮፒው የትምህርት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይላል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው በሩ ሰፊ ነው። ከሥራ ሲወጣ ይማር፣ ቅዳሜና እሑድ ይማር፣ ምርጫው የራሱ ነው።

እስቲ ይህንኑ ማስታወቂያ ደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ላይ ቆመን እናንብበው።

የማታው ገና ሲነበብ ይወድቃል። ማታ ተምሮ ማታውኑ ቤቱ የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ነዋሪ ብቻ ነው። የአርብ ገበያ ሰው ቅርቤ የሚለው ዩኒቨርሲቲ ደብረ ታቦር ነው፤ እሱ ደግሞ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ሰፈር አይደለም። የእረፍት ቀናቱም ብዙ አይርቅም። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ለመገኘት አርብ መነሳት አለበት። እሑድ ከሰዓት ጨርሶ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ለመድረስ መኪና ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው። አርብ ደግሞ የከተማዋ ስም ራሱ እንደሚነግረን የገበያ ቀን ነው። ገጠር ያደገ ያውቀዋል፤ በገበያ ቀን የወረዳ ቢሮ ሥራ ይበዛበታል። ገበሬው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ፣ በዚያው እግሩ የመሬት ጉዳዩን ይጠይቃል፣ ልጁን ያሳክማል፣ ግብሩን ይከፍላል። በዚያ ቀን ባለሙያው «ትምህርት አለብኝ» ብሎ ቢሮ ቢዘጋ ባለጉዳዩ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው።

ክረምቱስ? የክረምት መርሃ ግብር የተሰፋው በመምህር ልክ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህሩ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፣ መስከረም ላይ ይመለሳል። እሰየው፣ ብዙ መምህር በዚህ መንገድ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ ከፍ ብሏል። ለግብርና ባለሙያው ግን ክረምት ማለት የዘር፣ የማዳበሪያ፣ የተባይ ወቅት ነው። ገበሬው ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልገው ሰዓት ሁለት ወር ልሂድ ቢል ማን ይፈቅድለታል? ለነርሷም፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ክረምት ተብሎ የሚዘጋ ጤና ጣቢያ የለም። ቤት ያላት፣ ልጅ የምታጠባ ሴት ከሆነች ደግሞ ሁለት ወር ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ መማር ገና ከመነሻው የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ ከአራቱ በር ሦስቱ ዝግ ናቸው። የቀረው ርቀት ነው። ርቀት እንዴት እየሠራ ነው የሚለው ጥያቄ ለከተማ ሰው ከብዙ አማራጮች የአንዱ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለአርብ ገበያ፣ ለወገዳ፣ ለመካነ ኢየሱስ ሰው ግን የመማርና ያለመማር ጉዳይ ነው።

የርቀት ትምህርትን በሩቁ የሚያየው ሰው «ሞጁል ወስዶ ማንበብ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። አንድ በርቀት አካውንቲንግ የተማረ የማውቀው ሰው የነገረኝን ልንገራችሁ። የተቋሙን ስም ትቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ሞጁሉ የደረሰኝ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። መምህር የሚባል ሰው በዓይኔ ያየሁት በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። አሳይመንቱን ልኬ ስንት እንዳገኘሁ እንጂ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ የነገረኝ የለም» አለኝ። ይህ ሰው ደመወዙን ቆርጦ ነው የከፈለው። ሰነፍ አይደለም። የተሸጠለት ወረቀት ነው፣ ያልተሸጠለት ደግሞ አስተማሪ።

ነገሩ እንዲህ መሆን እንደሌለበት ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ጋይንት ቤተልሔም አለ። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ተማሪው ድጓውን በየአገሩ፣ በየመምህሩ ዘንድ ሲማር ይኖርና የመጨረሻውን ለማስመስከር ወደዚያ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሕፃን ልጅ ሳይሆን ዓመታትን በትምህርት ያሳለፈ ጎልማሳ ነው። የዝማሬና መዋስዕቱ ማስመስከሪያ ዙር አባም በዚያው በደቡብ ጎንደር ምድር ነው። ልብ በሉ፤ የአገሪቱ ትልቁ የዜማ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ገጠር ውስጥ ነበር፣ አሁንም ነው። መምህሩ እየሰማ፣ የተሳሳተውን እያረመ፣ «አልበቃህም፣ ገና ነህ» ማለት እየቻለ። ይህን የምለው የአብነት ትምህርት ቤቱን ችግር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ተማሪው በቁራሽ እየኖረ ነው የሚማረው፣ ሴት ልጅም እንደ ልቧ የምትገባበት አይደለም። ነገር ግን ለዚያ አካባቢ ሰው በጉልምስና መማር፣ ከቤት ርቆ መማር፣ ተምሮም በምስክር ፊት መፈተን ከውጭ የመጣ ሐሳብ እንዳልሆነ ይነግረናል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቢሆኑ ሲጀምሩ ጎልማሳውን ዘንግተው አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ብዙ ሳይቆይ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ጀምሯል። ለዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግንድ የሆነው የመምህራን ትምህርት አካዳሚ በ1960ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት ሲቋቋም ዓላማው ትምህርትን ከገጠሩ ሕይወት ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ዘመቱ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ታወጀ። ዘመቻዎቹ የራሳቸው ጉድለት ነበረባቸው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን አሳይተዋል። አገሪቱ ከፈለገች አስተማሪውን ተማሪው ያለበት ድረስ መላክ ትችላለች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳስበው ይገርመኛል። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ በቢዝነስ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪያቸውን በ1995 እ.ኤ.አ. ያገኙት ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው። ኔልሰን ማንዴላ ገና እስር ላይ ሳሉ በ1989 እ.ኤ.አ. የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ነው፤ እሱም የርቀት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያው ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን በማስተርስና በዶክትሬት ያስተምራል። ከፕሪቶሪያ አቃቂ የደረሰ የርቀት ትምህርት ከደብረ ታቦር አርብ ገበያ መድረስ አቃተው ማለት እኮ ነው!

በሌላ በኩል በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በጅምላ አገደ፤ ከወራት በኋላም እገዳውን አነሳ። ምክንያቱ ጥራት ነበር። ጥራቱ እውነትም ችግር ነበረበት። ሆኖም የታመመውን ሁሉ በአንድ ቀን ከአልጋ አውርዶ ሆስፒታሉን መዝጋት ሕክምና አይባልም። እገዳው ሲነሳም በየወረዳው ያለው ተማሪ ማን እንዲያስተምረው፣ የት እንዲያስተምረው የተለወጠ ነገር ብዙም አልታየም።

አሁን ደግሞ የመውጫ ፈተናው መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛም ሆነ ከመደበኛው ውጪ የተማረ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ፈተናውን ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። እኔ ፈተናውን እደግፋለሁ። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ የተማረው በእርግጥ መማሩን ማወቅ መብቱ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በመደበኛ የተማረው ልጅ አራት ዓመት በኮምፒውተር ክፍልና በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኖሮ፣ መምህራኑ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥተውት ይቀመጣል። በርቀት የተማረው የወረዳ ሠራተኛ ሞጁሉን በአምፖል ብርሃን፣ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ አንብቦ ይመጣና ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውዝ ይጨብጣል። ሁለቱን እኩል መፈተን ትክክል ነው፤ ሁለቱን እኩል ሳያስተምሩ መፈተን ግን ዞሮ ዞሮ ድሃውን መቅጣት ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ ነገር አለ። ጋይንት በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነት ደርሶበታል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ መንገድ መቼ እንደሚዘጋ፣ ኢንተርኔት መቼ እንደሚቋረጥ ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አልቻለም። ይህን በሚመለከት የፖለቲካ ትንታኔ ውስጥ አልገባም። የማነሳው ቀላል ነገር ነው። ክፍያውን የከፈለ ተማሪ መንገድ ተዘግቶበት ፈተና ቢያመልጠው ምን ይሆናል? እንደ ቀረ ተቆጥሮ እንደገና ይክፈል? በኢንተርኔት ግቡ የተባለው አሳይመንት ኢንተርኔት በሌለበት ወር እንዴት ይገባል? ለዚህ በጽሑፍ የተቀመጠ፣ ተማሪው በእጁ ይዞ የሚከራከርበት ደንብ ያስፈልገዋል። አሁን ያለው የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ደግነት ነው። ደግ ከሆነ ይፈታል፣ ካልሆነ ሰውዬው አንድ ሴሚስተር ያጣል።

«ዩኒቨርሲቲ በየገበያው ይከፈት ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ያለንን ሕንፃ ለማስተማር ያልበቃን ሕዝብ ሌላ ሕንፃ እንገንባ አልልም። በየወረዳ ከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ትምህርት ቤቱ በሚዘጋባቸው ቀናት ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ሁለትና ሦስት መምህራን በሴሚስተር ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሙሉ ሳምንት መጥተው ቢያስተምሩ በየሳምንቱ መጨረሻ መቶ ተማሪ ከሚጓዝ ሦስት መምህር ቢጓዝ ይቀላል፤ ለኪስም ይረክሳል። ሳምንቱ ሲመረጥ ደግሞ የአገሬው የዘመን መቁጠሪያ ይጠየቅ። ከአውድማ በኋላ ጥርና የካቲት ላይ የግብርናው ባለሙያም ገበሬውም ትንሽ ፋታ አለው። ክረምቱን ለመምህራኑ እንተውላቸው።

ሁለተኛው፣ ጎልማሳ ሁሉ ዲግሪ ፈላጊ ተደርጎ መታየቱ ይቅር። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ የምትፈልገው አራት ዓመት ላይሆን ይችላል፤ የሦስት ወር የሒሳብ አያያዝና የኮምፒውተር ትምህርት ሊበቃት ይችላል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። የቀሩት የት ገቡ? አንዳንዶቹ በማካካሻ ትምህርት፣ አንዳንዶቹ በቴክኒክና ሙያ አልፈው ይሆናል። ብዙዎቹ ግን በየአርብ ገበያው ናቸው። ሱቅ ከፍተዋል፣ ባጃጅ ይነዳሉ፣ አርሰዋል፣ አግብተዋል። ዛሬ ያልተሳካለት የ19 ዓመት ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ የ29 ዓመት ጎልማሳ ነው። ያን ጊዜ መማር ሲያምረው የሚገባበት በር ከአሁኑ ካልተሠራ አንድ ፈተና የዕድሜ ልክ ፍርድ ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ተከታታይ ትምህርት ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ገቢ ምንጭ ነው። ይሁን፣ ገቢ ማግኘት ነውር አይደለም። ከወረዳ ተማሪ የተሰበሰበው ክፍያ ግን የተወሰነው መልሶ ለዚያው ተማሪ ይዋል። ጥቂት ኮምፒውተሮች በወረዳው ማዕከል ይቀመጡ፤ ተማሪው ከመውጫ ፈተናው በፊት ይለማመድባቸው። ሞጁሉ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ይድረስ፤ ካልደረሰ ትምህርቱ አልተጀመረም ይባል። የታረመ አሳይመንት ከነማረሚያው ይመለስ። እነዚህ ትልልቅ ፖሊሲ የሚሹ ነገሮች አይደሉም። አንድ ሴኔት ተሰብስቦ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሳቸው ናቸው። ኢንተርኔት በሌለበት ሬዲዮ አለ፤ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1971 እ.ኤ.አ. ማስተማር ሲጀምር የተደገፈው በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበር። እኛም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ ስናስተምር የኖርን አገር ነን።

የአገልግሎቱ ጥራት እንዴት እንደሚለካ ለሚጠይቁ የጥራት ባለሙያዎች አንድ መለኪያ ላዋጣ። በሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያ ስታወጡ ከትምህርት መስኮቹ ዝርዝር ቀጥሎ አንድ ሠንጠረዥ ጨምሩበት፤ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ሳምንት፣ ስንት መምህራን በአካል ተገኝተው እንደሚያስተምሩ ይጻፍበት። ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነ ተማሪው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይወቀው። ካልሆነ ደግሞ የአርብ ገበያ ሰው የትኛው ሳምንት የእሱ እንደሆነ አይቶ ከወዲሁ ፈቃዱን ይጠይቅ፣ ልጇን የሚይዝላት ሰው ታዘጋጅ፣ ማሳውንም አደራ ይስጥ።