ሰማዩ ጠርቷል ብላችሁ አትውጡ

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የምትኖሩ እኩዮቼ፣ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ከእግዚአብሔርም ከእናንተም ዘንድ ተጠያቂ ነኝ።

ባለፈው ፍልሰታ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በእግሬ ወደ ቤቴ አዘገምኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለኝ፣ ደረቴን አስሮ ሲይዘኝ አደረ። በማግስቱ ልጄ ስልኳን አሳየችኝ፤ የዚያ ቀን አየር ብርቱካናማ እንደሚሆን ከዋዜማው ተነግሮ ኖሯል።

ብርቱካናማ የሚባለው የአየር ጥራት መለኪያው ከ101 እስከ 150 ሲደርስ ነው። ሕፃናት፣ አስም ያለባቸውና አረጋውያን ይጠንቀቁ ማለት ነው። አረጋውያን የተባልነው እኛ ነን፤ ዕድሜያችንን በታክሲ መሪ ላይና በፓርኪንግ ጭስ ውስጥ የፈጀን። ከ150 ሲያልፍ ቀይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጤነኛውንም አይምርም።

ያን ቀን አየሩን ያበላሸው ኦዞን የሚባለው ጋዝ ነው። ከጭስ ማውጫ እንዳለ አይወጣም፤ የመኪናና የፋብሪካ ጭስ ከቤንዚን ትነት ጋር በፀሐይ ሲበስል ይወለዳል። ስለዚህ ጠዋት ይቀላል፣ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል። ትንበያ የሚሠሩት ባለሙያዎች የነገውን ሙቀት፣ የነፋሱን ጉልበትና ደመናውን የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ነፋስ የሌለበት ብሩህ ቀን፣ እኛ ደስ ይላል ብለን የምንወጣበት፣ ለኦዞን የተመቸ ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የካናዳ ደን እሳት ጭስ ከተማችንን ሲውጣት ቀለሙ ከቀይም አልፎ እስከ ሐምራዊ ደርሶ ነበር። ይታያል፣ ይሸታል፤ ማንም ሳይመክረን በር ዘጋን፣ ጭምብል አጠለቅን። ኦዞን ግን አይታይም። ጋዝ ነውና ጭምብሉን ያልፋል። ያለን መከላከያ ከሰዓት በኋላ ቤት መዋል፣ መስኮት መዝጋት፣ መንገዱንና የጓሮ ሥራውን ወደ ማለዳ ማዛወር ነው። አስም ያለባችሁ ደግሞ ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒታችሁ ከኪሳችሁ አይጥፋ።

እባካችሁ፣ ስልኩን አላውቅበትም አትበሉ። ማታ ራት ላይ የልጅ ልጃችሁን «የነገ አየር ምን ቀለም ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ብርቱካናማ ካለ ወይም ከዚያ ከባሰ፣ ከቅዳሴ በኋላ በእግር አንሄድም።

ለዘንድሮው ፍልሰታ አንድ ወጣት በመኪናው ሊያደርሰን ቃል ገብቶልኛል። ከእኔ ሌላ ሦስት ሰው ይይዛል፤ የምትፈልጉ እሑድ ንገሩኝ።