«ጾታ፦ ወንድ» የሚል ማስታወቂያ እና የጋፋት ትምህርት

ሴት መሐንዲሶች ለምን ጥቂት ሆኑ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ሒሳብ ይከብዳቸዋል»፣ «ሳይት ላይ አይችሉም»፣ «ፍላጎታቸው ሌላ ነው»። ምቹ መልስ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ልጅቷ ላይ ጥሎ ሌላውን ነጻ ያወጣልና።

እንዲህ የሚል ሰው ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን ያስታውስ። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሲያሻቸው አገሩ ብረት ቀጥቃጭ አጥቶ አልነበረም። ማረሻውንም ጦሩንም የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ ስሙ ግን «ቡዳ» ነበር። የሚጋባው፣ አብሮት ማዕድ የሚቆርስ አልነበረም። በተናቀ እጅ ሙያ አያድግም። ስለዚህ ሴባስቶፖል የተሠራው እነ ዋልድማየርን በመሳሰሉ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መሪነት ነው። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ።

ንቀቱ ለወንዱ ብቻ አልነበረም። በዚያው ደጋ አፈር መርጣ፣ ጭቃ አቡክታ፣ እሳቱን በዓይኗ ለክታ ጋንና ምጣድ የምታወጣው ሴት ነበረች። ምጣዱ እሳት ላይ የማይሰነጠቀው በእውቀት ነው። ያን እውቀት ግን «ሸክላ ሠሪ» ብሎ ከመስደብ በቀር ሙያ ብሎ የቆጠረው የለም።

ዛሬ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የጋፋትን ስም የያዘ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። መንግሥትም ሴቶች ዝቅ ባለ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ሲያደርግ ኖሯል። ድጋፉ ግን በሩ ላይ ያበቃል። ከገባች በኋላ «በነጥብ ቅናሽ የገባሽ» የሚል ሽሙጥ ይከተላታል። ወርክሾፕ ውስጥ ወንዶቹ ማሽኑን ሲይዙ እሷ ሪፖርት ጻፊ ትባላለች። ለልምምድ ስትወጣ ሳይቱ ላይ ለሴት መጸዳጃም ማደሪያም የለም። ይህን ሁሉ ችላ 5 ዓመት ጨርሳ ስትመረቅ የሥራ ማስታወቂያው «ጾታ፦ ወንድ» ይላል።

ይህ ሕገወጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴትን በጾታዋ ምክንያት በቅጥር ማግለልን ይከለክላል። ማስታወቂያው ግን በጠራራ ፀሐይ ይለጠፋል፤ የሚጠይቅም የለም።

«ችግሩ የዓለም ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ የዩኔስኮ የ2021 እ.ኤ.አ. የሳይንስ ሪፖርት እንደሚለው በዓለም ከምህንድስና ምሩቃን ሴቶች 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የሌላው አገር ድክመት ግን ደብረ ታቦር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሕጋዊ አያደርገውም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ሴት እንደተቀበሉ ሲያውጁ፣ ስንቷ ተመርቃ በሙያዋ እንደተቀጠረችም ይናገሩ። መንግሥት ለሥራ ተቋራጭ ጨረታ ሲሰጥ ሳይቱ ላይ የሴቶች መጸዳጃና ማደሪያ መኖሩን በውሉ ያስገባ። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮዎችም «ጾታ፦ ወንድ» ያለውን ቀጣሪ ይጠይቁ።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ «ቡዳ» ማለት የሚያሳፍረው ሰው፣ «ሴት አንቀጥርም» ሲል ግን ቅንጣት አያፍርም።