ስንት ፐርሰንት መጣብህ?



የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ነው። ሲኤምሲ ተሰብስበን በምናጠናበት ክፍል ከመግሪብ በኋላ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ፐርሰንት መጣብህ?» የሚል ነው። ቱርኒቲን ቁጥሩን ካሳነሰልን አልሐምዱሊላህ ብለን እናልፋለን። ከበዛብን ደግሞ ቃላቱን በተመሳሳይ ቃላት እየተካን መልሰን እንሞክራለን። ያስገባነው ነገር እውነት ይሁን አይሁን የሚጠይቀን የለም፤ እኛም ራሳችንን አንጠይቅም።

አንድ ታሪክ እናስታውስ። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ቤንሃ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ሪሰርች ስኩዌር በተባለው ድረ ገጽ ተለቀቀ። ፕሪፕሪንት ነበር፤ ማለትም በዘርፉ ባለሙያዎች ሳይገመገም ለሕዝብ የቀረበ። አይቨርሜክቲን በኮቪድ የሚደርሰውን ሞት በ90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎችም ውጤቱን ወስደው በራሳቸው ስሌት ውስጥ ደመሩት። ችግሩን ያየው እንደ እኛ ያለ ተማሪ ነው፤ ለንደን ሕክምና ይማር ነበር። መግቢያው ከሌላ ቦታ የተወሰደ መሆኑን ከተቀያየሩት ቃላት ለየ። ከዚያ የታካሚዎቹን መረጃ ሲመረምር ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሞቱ ሰዎች ተመዝግበው አገኘ። ሐምሌ 2021 ላይ ጥናቱ ከድረ ገጹ ተነሣ። እኛ ፐርሰንት ለማውረድ የምንቀይረው ቃል እዚያ ዱካ ሆነ።

ዛሬ ይህን ዱካ የሚከተሉ መሣሪያዎች አሉ። ፈረንሳዊው ጊዮም ካባናክ የሠራው «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚለው ቃል «ሐሰተኛ ኅሊና» ዓይነት ሆኖ የተጻፈባቸውን ጽሑፎች ይለቅማል። ስታትቼክ የተባለው የስታቲስቲክስ ቁጥሮችን መልሶ ያሰላል፤ በ2016 በታተመ ጥናት ከታዩት የሥነ ልቦና ጽሑፎች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ የማይገጥም ቁጥር ነበረባቸው። ግሪም የሚባለው ደግሞ በእርሳስም ይሠራል። 20 ሰዎች በሙሉ ቁጥር መልስ ሰጥተው አማካዩ 3.47 ነው ከተባለ ስህተት ነው፤ 3.47 በ20 ሲባዛ 69.4 ይመጣል፣ የሙሉ ቁጥሮች ድምር ደግሞ ነጥብ አይኖረውም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ዜና ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናለች። ሙሐዲሶቻችን ኢስናዱን በሰው በሰው መርምረዋል። ሰንሰለቱ ሙሉ መስሎ ስውር ዒላ ያለበት ሐዲስ እንዳለም አስተምረውናል፤ ዒላውን የሚያውቀው ዓሊም ነው። መሣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ተጠንቅቆ የተፈበረከ መረጃ ያልፈዋል፣ የንጹሕ ሰው የትየባ ስህተት ደግሞ ያስጮኸዋል። ስለዚህ የት እንደምንመለከት ያሳየናል እንጂ ፍርድ አይሰጥልንም። ምልክት የተደረገበትን ወንድም ወይም እህት ከመጠርጠራችን በፊት እንጠይቅ።

የውጭ ጆርናል ከፍለን ማንበብ ለማንችለው ለእኛ ፕሪፕሪንት ኒዕማ ነው። የኒዕማው ሹክር ግን ማጣራት ነው። አንድ ፕሪፕሪንት ከመጥቀሳችን በፊት ኋላ መታተሙን ወይም መነሣቱን እንይ። የራሳችንን ሠንጠረዥ ከማስረከባችን በፊት በግሪም እንፈትሽ። ከእንግዲህ ጓደኛችንን «ስንት ፐርሰንት መጣብህ?» ከማለት «መረጃህን አብረን እንየው?» ብንለው ዒልሙም አማናውም ይጠበቃል።

ወላሁ አዕለም።