«ቀዝቃዛው ውሕደት» ተቀባይነት ያገኝ ይሆን?

በመቱ አጠገብ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ 5,000 ኪሎዋት ኀይል እንዲሰጥ የተዘጋጀ ነው። በዚህ የሚጠራጠር ሰው ቢኖር የውሃውን ብዛትና የሚወርድበትን ከፍታ ለክቶ፣ የሚወጣውንም ኀይል በቆጣሪ አንብቦ ሊያመሳክር ይችላል። ጠበቃ አያስፈልገውም።

ከ35 ዓመት በላይ ጠበቃ ያላጣው ሌላ የኀይል ምንጭ ግን አለ። ይኸውም «ቀዝቃዛ ውሕደት» የሚባለው ነው። መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞችን ሰብስበው፣ ፓላዲየም የተባለውን ማዕድን ከባድ ውሃ ውስጥ አግብተው ኤሌክትሪክ ቢያሳልፉበት ኬሚስትሪ ሊሰጥ ከሚችለው የበለጠ ሙቀት እንዳገኙ ተናገሩ። ምክንያቱም በፀሐይ ውስጥ እንደሚሆነው የአቶም እምብርቶች መዋሐድ ነው አሉ።

ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የመቱ፣ የጎሬና የያዮ እናቶች ማገዶ ከመሸከም፣ የቡናውም ጫካ ከመጥረቢያ ባረፉ ነበር። ምኞት አይከለከልም። ነገር ግን ሌሎች ሊቃውንት ሥራውን ደግመው ሲሞክሩት አብዛኞቹ ሙቀቱን አጡት። የአሜሪካ የኀይል ሚኒስቴር ያቋቋመው ጉባኤ በ1982 ዓ.ም. ማስረጃው አያሳምንም አለ፤ በ1997 ዓ.ም. የተደረገው ሁለተኛው ምርመራም ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ደጋፊዎቹ «ሊቃውንቱ በምቀኝነት በር ዘጉብን» ይላሉ። በሩ ግን አልተዘጋም። በ2017 ዓ.ም. በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓላዲየምን በኤሌክትሪክ አማካይነት በከባድ ሃይድሮጂን ቢሞሉት፣ በመሣሪያቸው ውስጥ የሚካሄደው ውሕደት በ15 በመቶ ገደማ መጨመሩን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስታወቁ። የፈጀው ኀይል ከተገኘው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ የዩታውን ወሬ አላጸደቁም። ሆኖም ከውሕደቱ የሚወጡትን ኒውትሮኖች አንድ በአንድ ቆጥረው ስላቀረቡ ሥራቸው ተቀባይነት አገኘ።

እንግዲህ ቀዝቃዛው ውሕደት ዕውቅና የሚያገኝ ከሆነ በክርክር ብዛት ሳይሆን እንደዚህ ባለ ቆጠራ ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ወጣት ሹምም ያለ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ይዞ የመጣን ሰው አያባርረው፤ አይሳቅበትም። ስንት ኀይል ገባ? ስንት ወጣ? ባለቤቱ በሌለበት ሌላ ሰው ሊደግመው ይችላልን? ብሎ ይጠይቀው። የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣው ግን ሦስቱም መልስ ካገኙ በኋላ ይሁን።