ንፋስ ለወሰደው ጣራ የምናዋጣው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል?

ንፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ጣለ በተባለ ቁጥር የምንሰማው ዜና ተመሳሳይ ነው፤ የመኖሪያ ቤቶች፣ የመድረሳዎችና የመስጂዶች የቆርቆሮ ጣራ ተገንጥሎ ተወሰደ። ጀመዓውም ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ገንዘብ ይዋጣል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ቤቱም በአጭር ጊዜ ይከደናል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አዲሱ ቆርቆሮ በዚያው በላላው እንጨት ላይ ከተመታ ሶደቃችን እስከሚቀጥለው ንፋስ ብቻ ይቆያል።

ንፋስ ከጣራው በላይ ሲያልፍ ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በበር፣ በመስኮትና በጣራው ጠርዝ ሥር የገባው ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ቀድመው የሚላቀቁት ጠርዙና ማዕዘኑ ናቸው። እንጨቱ ከግድግዳው ቋሚ ጋር በደንብ ካልታሰረ ደግሞ ጣራው ከነሞራሌው ይነሳል። ወፍራም ቆርቆሮ መግዛት ብቻውን ይህን አይከላከልም።

በመሆኑም ከግዢው በፊት አናጢ እንጨቱን ይይ። የበሰበሰውና ምስጥ የበላው ይቀየር፤ የጣራው እንጨት ከቋሚው ጋር በብረት ወይም በወፍራም ሽቦ ይታሰር፤ በጠርዝና በማዕዘን ሚስማሩ ይጠጋጋ። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ እናስታውስ፤ ባለ 35 ከባለ 28 ይቀጥናል። የተቀደደውንና ሚስማር የበሳውን አሮጌ ቆርቆሮ ለአጥር ማዋል ይሻላል። መዋጮ ስናሰባስብ የእንጨቱ፣ የማሰሪያውና የአናጢው ዋጋ አብሮ መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

የገንዘቡ ምንጭም መለየት አለበት። የዘካ ባለመብቶች በሱረቱ አት-ተውባህ አንቀጽ 60 የተዘረዘሩት 8 ክፍሎች ናቸው። ቤቷ የተገለጠባት ሚስኪን እናት ከእነዚሁ ውስጥ ናት። መስጂድን ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች በዘካ ገንዘብ መገንባትን ስለማይፈቅዱ ለጣራው ሶደቃና ወቅፍ ይፈለግለት። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ጣራው የአከራዩ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ አቅም ካለው ማሳደስ የእሱ ድርሻ ነው፤ ለድሃ የወጣው ዘካ የሀብታም ቤት ማደሻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ተወኩል ሰበብን ከማድረስ ጋር ነው። ጣራውን አጥብቀን እንሰር፣ ጥበቃውን ከአላህ እንለምን። ወላሁ አዕለም።